ኩሬ ሰባት ባዶ አይደለም

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከሰዓት 3፡30፣ በጀርመን ሰዓት

ዛሬም ባዶ። ኩሬ ሰባትን ማለቴ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ያየሁት የጨው ቅንጣትና አሸዋ ብቻ። አንገቴ ደርቋል።

ሌሎቹ ኩሬዎች እንዲህ አላስቸገሩኝም። ኩሬ ሁለት ውስጥ ባለዛጎሎቹ አሉ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ዛጎላቸውን ከፍተው የሚዋኙ። ኩሬ አራት ውስጥ ክር ትሎች። ኩሬ አምስት የጨው ሽሪምፕ ጫጩት ሞልቶታል፣ ብርቱካንማ ነጥብ የመሰለ። ምላስ በሚያቃጥል የአፋር ውሃ ውስጥ ይህ ሁሉ ነፍስ! ሰው በረሃ ነው፣ ምን ይኖርበታል ይላል። ይምጣና ይይ።

ደብተሬ፣ አንተ ከሥራ ዘመኔ የተረፍክ ባለካሮ ደብተር ነህና ታውቀኛለህ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት። ማክሰኞና ሐሙስ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ከኤግዚቢሽን ማዕከሉ አለፍ ብሎ ወዳለው የምርምር ኢንስቲቱት እሄዳለሁ፣ በነጻ። ሥራዬ ለቀማ ነው፤ ከጭቃ ውስጥ ነፍስ ያለውን መልቀም። አለቃዬ ዶ/ር ሌና። የልጄ እኩያ ናት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን «አንተ» አለችኝ፣ ሀገሩ ነው፣ ለመድኩት። በአፋር በረሃ ጨዋማ ኩሬዎች የሚኖሩ፣ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ እንስሳትን ዝርዝር ታዘጋጃለች። ደለሉን የላኩላት የሀገር ቤት ባልደረቦቿ ናቸው። ዝርዝሩ አርብ 27 ለኅትመት ይላካል።

በሌ. ሠንጠረዥ ላይ ከኩሬ ሰባት ፊት ለፊት «ባዶ» ተጽፏል። ቃሉን ጠላሁት። የእኔ አገር ኩሬ ባዶ!

ስወጣ ሊጣል የነበረ አንድ ማንኪያ የኩሬ ሰባት ደረቅ ደለል በብልቃጥ ሰጠችኝ። ተጫወትበት አለች። ለጡረተኛ ከረሜላ።

ስመለስ ኤስ-ባን ባቡሩ ውስጥ አሰብኩበት። ሌ. ደለሉን የምታርሰው እንደ ኩሬው በከበደ የጨው ውሃ ነው። እነዚህ ፍጥረታት ግን ኩሬው ሲደርቅ ዛጎለ ጠንካራ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ፤ እንቁላሉ ዓመታት ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? ዝናብ። ዝናብ ደግሞ ጨው የለውም።

ማታ ደለሉ ላይ ንጹሕ ውሃ አፈሰስኩበት። ለካውያ የምንገዛው ዴስቲሊርት፣ በትነት የተጣራ ውሃ። ሳህኑ መስኮቱ ሥር፣ ከሃይሱንጉ፣ ከቤት ማሞቂያው በላይ፣ መብራት በርቶበት።


ሐሙስ፣ የካቲት 12። ከሰዓት 5

ምንም። ለሌ. አልነገርኳትም።

ፀዳለ ቁጣ ቁጣ ብሏታል። ባለቤቴ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመታችን። ጾም ከገባ አራተኛ ቀኗ፣ እኔ ደግሞ የምግብ ጠረጴዛዋን ግማሽ በጭቃ ይዤባታለሁ። ፍሳሽ ከቤቴ ወጣ ብዬ እፎይ ስል አለች።

እውነቷን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ክሌርቬርክ ሠራሁ፤ የከተማ ፍሳሽ የሚጣራበት። ላቦራቶሪው ውስጥ በየጠዋቱ አንድ ጠብታ ዝቃጭ ማይክሮስኮፕ ሥር አያለሁ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደበዛ። ባለመዘውሮቹ ካሉ ፍሳሹ ጤነኛ ነው። «ባለመዘውር» ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በአማርኛ የሚጠራቸው ሰው አላጋጠመኝም። ጀርመኖቹም ከመንኮራኩር ነው የሰየሟቸው፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ፀጉር ሲንቀሳቀስ ጎማ የሚሽከረከር ይመስላል። እኔ ከሩቅ በአረማመዳቸው እለያቸዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ አዋጥተው ይህን ማይክሮስኮፕ ገዙልኝ።

ፀ. ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስትናገር «ኬሚስት ነው» ነው የምትለው። አንድም ቀን «ፍሳሽ» አላለችም። አንድም ቀን በማይክሮስኮፑ አላየችም። አልፈርድባትም። እሷ የመጣችው ሐኪም ሊሆን ነው ወደተባለ ሰው ነበር። ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የተሰደድኩ መሆኔን ሽማግሌዎቹ አሳምረው ነበር የነገሯት።


አርብ፣ የካቲት 13። ጠዋት 6፡50

አሉ! አሉ! አሉ!

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ይቅር በል። አራት ባለመዘውር። ብርጭቆ ጋን የመሰለ ቅርፊት፣ ከፊት ስድስት እሾህ፣ ከኋላ የምትወዛወዝ ጭራ። ሲዋኙ ቀጥ ብለው ሄደው ድንገት ይታጠፋሉ። ደግሞ አንድ ክር ትል፣ እንደ ተቆጣ ጅራፍ የሚገረፍ።

ፀ.ን ጠራኋት፤ ገላዋን እየታጠበች ነው። ለማን ልናገር? ለአንተ ነገርኩህ።

ዶክተሯ «ባዶ» ያለችውን ኩሬ እኔ፣ የፍሳሹ ሰውዬ፣ በካውያ ውሃ አስነሳሁት። ኩራት ይሁን ትዕቢት አላውቅም፣ ደረቴ ግን ከሸሚዜ ሊወጣ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ቀትር

ትናንት በስልክ ቀርጬ ላክሁላት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደወለች። መጮህ ነው! እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፣ ፀጥ ያለች ልጅ ናት። ምን ውሃ ተጠቀምክ አለችኝ። ዴስቲሊርት አልኳት። የዝናቡን ነገር ነገርኳት። ስድስት ወር በጨው ውሃ ሳርስ ይህ እንዴት አልታየኝም አለች።

ከዚያ ዋናውን ነገረችኝ። ኩሬ ሰባት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። የእኔም ስም ከአዘጋጆቹ ጋር ይታተማል። ሦስተኛ ላይ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ስሜ ከደመወዝ ወረቀትና ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሌላ ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ዛሬ አንዷ እንቁላል ይዛለች። ከጭራዋ ሥር አንጠልጥላ ትዞራለች። እኔም እንደሷ ስዞር አረፈድኩ።


እሑድ፣ የካቲት 15። ከሰዓት 4

ደብተሬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ማን ጠየቀኝ? አፌ አላርፍ አለ። የአፋር ኩሬ፣ የበረሃ እንስሳት፣ ስሜ ሊታተም ነው። ሰው እንኳን ደስ ያለህ አለ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው፣ አገራችንን አኮራህ ልጄ አሉኝ። በስድሳ ስድስት ዓመቴ «ልጄ» ተባልኩ፣ ደስ አለኝ። ፀ. ከጎኔ ሆና፣ ድሮም እኮ ኬሚስት ነው ትላለች።

ቤት ገባን። ፀ. ከመቅመሷ በፊት ጠበል ልትጠጣ መደርደሪያውን ከፈተች። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። ይህን ማን አጎደለው አለች።

የያዘችው የካውያውን ውሃ ጠርሙስ ነበር። «ዴስቲሊርት» የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈበት።

ነገሩ ይህ ነው። እህቷ በጥምቀት ሰሞን ከሀገር ቤት ምንጭ ያመጣችላት ጠበል ጀሪካኑ ያፈስ ኖሯል። ጠበል ለስላሳ በነበረበት ጠርሙስ አይቀመጥም፤ በቤታችን ንጹሕ ጠርሙስ እሱ ብቻ። የካውያውን ውሃ ለአበባ አጠጥታ ጠበሉን ገለበጠችበት። መንገር? ለምን ትነግረኛለች፣ በሕይወቴ ካውያ ነክቼ አላውቅ።

እኔ ጠበል ነው ጭቃ ላይ ያፈሰስኩት። የምንጭ ውሃ። የምንጭ ውሃ ውስጥ ደግሞ የራሱ ባለመዘውር አይጠፋም።

ፀ. ነገሩ ሲገባት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ጠበል! በጭቃ ላይ! በጾም! እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። አራቱ ከየት መጡ? ከኩሬው ወይስ ከጠርሙሱ?


ሰኞ፣ የካቲት 16። ጠዋት 9

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእኔ ነገር።

ከማየት አልቦዝንም። ቅርፊቷ፣ እሾኋ፣ አዋዋኟ፣ ሁሉም የጨው ውሃ ዘር ናት ይለኛል። በምንጭ ውሃ የማውቃቸው እንደ አልቅት ተስበው የሚሄዱት ናቸው። ግን የዚችም ዘመዶች ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ አሉ። ዘጠና አምስት በመቶ እርግጠኛ ነኝ። ክሌርቬርክ ውስጥ በዘጠና አምስት በመቶ ፈርሜ አላውቅም።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፣ አልደብቅህም። ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ጠርሙሱ ላይ «ዴስቲሊርት» ተጽፏል፣ እኔ ያነበብኩትን ነው የተናገርኩት። ስሜ ይታተማል፣ ሽማግሌው ይኮራሉ፣ ፀ. ትኮራለች።

ከሰዓት 2። ከጠበሉ ጥቂት፣ ያለ ደለሉ፣ በማይክሮስኮፕ ልይ አልኳት። እምቢ! ጠበል በመስታወት አይመረመርም፣ ፈጣሪን መፈተን ነው አለች። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ለንስሐ አባታችን ደወለች፤ ድምፁን ከፍታ፣ እኔም እንድሰማ። ይቆጡልኛል ብላ ነው። አባ ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ውሃውን ባረከው እንጂ አጠራው የሚል የት አነበብሽ አሉ። ትል ቢገኝበትም በረከቱ አይጎድልም፣ ይይ፣ ብቻ የተረፈውን እግር የሚረግጠው ቦታ አታፍሱ አሉ።

ፀ. ስልኩን ዘጋችና ጠርሙሱን አቀበለችኝ።

እኔም ወሰንኩ። እዚሁ ቤት ብቻዬን ባየው ማን ያምነኛል? ነገ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ሌ. እሄዳለሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 17። ከሰዓት 4

ነገርኳት። ሁሉንም። ጠበል ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳትስቅ ስትቀር ደግሞ ባሰብኝ። ጀርመንኛዬ ሁሉ ጠፋኝ፣ እንደ አዲስ ስደተኛ ተንተባተብኩ።

አልሳቀችም። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ኩሬ ሰባት ላይ ገብታ የጻፈችውን አጠፋች። ተመልሶ «ባዶ»። የእኔንም ስም አወጣች። ዓይኔ እያየ። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አለች። ከልቧ ነው። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ግን እስከ አርብ 27 ጊዜ አለ አለች። ከኩሬ ሰባት የተረፈ ደለል አወጣች። አራት ሳህን። በአንዱ ደለል በከባድ ጨው ውሃ፤ በአንዱ ደለል በላቦራቶሪው ንጹሕ ውሃ፤ በአንዱ ጠበል ብቻውን፣ በመልኩ እንዳልለየው የላቦራቶሪ አሸዋ ተጨምሮበት፤ በአንዱ ደለልና ጠበል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለእኔ አይነገርም። ቁጥር ብቻ ለጠፈችባቸው። የማየው እኔ፣ የምታውቀው እሷ። ዓይኔ የሚመኘውን እንዳያይ ነው።

ትክክል ናት። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር።


ሐሙስ፣ የካቲት 19። ቀትር

አራቱም ዜሮ። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

ጠበሉ ነው ማለት ነው። የለም፣ በጠበሉም ውስጥ የለ። ታዲያ የቤቱ ከየት መጣ? ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። የቀረጽኩት ቪዲዮ ባይኖር፣ በዚህ ዕድሜ ያልነበረ ነገር አይቻለሁ እል ነበር።

12፡40። እጄን ሳህኑ ላይ ጫንኩት። በረዶ! መደርደሪያው ከመስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱ ለአየር ገርበብ ተደርጓል። የአፋር ልጅ በፍራንክፈርት የካቲት ይነሳል እንዴ? ቤት ያሉት እኮ ሃይሱንግ ላይ ነበሩ፣ መብራት በርቶላቸው። ለሌ. ነገርኳት። ግንባሯን መታች። አራቱንም ወደ ሙቀት ሳጥኑ አዛወርናቸው፣ ሠላሳ ዲግሪ፣ ብርሃን ያለው። ቁጥራቸው እንዳለ ነው፤ አሁንም አላውቅም።


እሑድ፣ የካቲት 22። ከሰዓት 2

ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ይጠይቀኛል። ወጣ ወይ? መቼ ነው? ዓይን ሁሉ እኔ ላይ። ገና ነው እላለሁ። ሽማግሌው ደግሞ ለልጅ ልጃቸው አሳይተውኝ፣ ይኸውልህ ተመራማሪው አሉት። ልጁ በጀርመንኛ የምን ተመራማሪ ብሎ ጠየቀኝ። የጥቃቅን ነገር አልኩት። ፀ. ቀና ብላ አየችኝ፣ ኬሚስት የሚለውን ዛሬ አልጨመረችበትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እስኪጠራ ስንት ጊዜ ገና ነው ልበል?


ማክሰኞ፣ የካቲት 24። ከሰዓት 2፣ ኢንስቲቱት፣ ኮሪደሩ ላይ

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፣ ሌ. ውስጥ ናት፣ መጣሁ ብያታለሁ።

ፀ. አብራኝ መጣች። ለእኔ ብላ አይደለም፤ የተረፈውን ጠበል ልትወስድ። በላቦራቶሪው ሲንክ እንዳይደፉባት ፈርታ። ሲንኩ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በክረምት ካፖርቷ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ላቦራቶሪ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ተቀመጪ ብትባል እምቢ።

አየሁ። ሌ. እስክሪብቶ ይዛ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ።

ሳህን አንድ፦ ምንም።

ሳህን ሁለት፦ ባለመዘውር። ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ። እሾሃቸው ስድስት። እንቁላል የያዙ ሦስት። ክር ትልም አለ።

ሳህን ሦስት፦ አንድ ብቻ። ያውም ሌላ ዘር፣ እንደ አልቅት ተስባ የምትሄደው። እሾህ የላትም፣ ቅርፊት የላትም።

ሳህን አራት፦ ባለመዘውር፣ ዘጠኝ። ከሁለተኛው ጋር አንድ ዓይነት።

ሌ. ወረቀቷን ገለበጠች። አንድ፣ ከባድ ጨው ውሃ። ሁለት፣ ደለልና የላቦራቶሪው ንጹሕ ውሃ። ሦስት፣ ጠበል ብቻውን። አራት፣ ደለልና ጠበል።

ከኩሬው ናቸው! ከአፋር! ጠበሉ ውስጥ የነበረችው አንዲት አልቅት መሳይ ብቻ ናት። የኩሬውን እንቁላል ያስነሳው የጨው መቅለል ነው፤ ውሃው የጠበልም ይሁን የላቦራቶሪ። ያልኩት ሆነ። ዓይኔ አልዋሸኝም።

ለፀ. ምን ብዬ ልንገራት? ጠበልሽ ውስጥ አንዲት ነገር ትሳባለች ልበላት?


እዚያው ቀን። 5፡20፣ ኤስ-ባን ውስጥ

ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም። አባ ነግረውኛል፣ እሷንም የፈጠራት እሱ ነው አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። እስቲ እኔም ልይ አለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ደብተሬ።

መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗን የት እንደምታደርግ አሳየኋት። ሳህን ሁለትን አደረግሁላት። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው አለች፤ አስተካከልኩላት። ብዙ ቆየች። ከዚያ በቀስታ፣ ይቺ ልጆቿን አንጠልጥላ ነው የምትሮጠው አለች። እናት ናት አልኳት። ከጨው ውስጥ አለች። ከጨው ውስጥ አልኳት። በየጠዋቱ የምታየው እነዚህን ነበር ወይ አለችኝ። የእነዚህን ዘመዶች አልኳት። ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል፣ ለምን አልነገርከኝም አለች። ነግሬሽ ነበር ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ሌ. ስሜን መልሳ አስገባች። ሦስተኛ። ጠበሉንም መጻፍ አለብን አለች፣ መጀመሪያ የታዩት በእሱ ነውና፤ የተሳሳትንበትን መደበቅ የለም። «የተባረከ የምንጭ ውሃ» ብላ ጻፈችው። ፀ. ይህን ስትሰማ አንገቷን እንደ ሙሽራ ደፋች።

ከዚያ ችግር መጣ። ከእያንዳንዱ ስም ሥር የሥራ ቦታ ይጻፋል። የሌሎቹ ኢንስቲቱትና ዩኒቨርሲቲ ነው። የአንተስ ምን ልበል አለች ሌ.። ፀ. አጠገቤ ቆማለች። «ኬሚካል ላቦራንት፣ ጡረተኛ» ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸት አይደለም፣ ወረቀቴ ላይ እንደዚያ ይላል። እሷንም በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት አያሳፍራትም።

ፀ. ቀደመችኝ። በዚያ ከገበያና ከሐኪም ቤት በማያልፍ ጀርመንኛዋ፣ ጮክ ብላ፣ «ክሌርቬርክ» አለች። ሌ. አልገባትም መሰለኝ እሷን አየቻት። ፀ. ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀስራ፣ ክሌርቬርክ ብለሽ ጻፊ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ፍሳሽ ውስጥ እነዚህን ሲያይ ኖሯል፣ ያወቃቸው እዚያ ነው አለች።

ሌ. ጻፈችው። ከስሜ ሥር። ክሌርቬርክ።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ጠርሙሱ ጭኗ ላይ። ቤት ስንደርስ አበባው ሥር ልታፈሰው ነው፣ ያቺን አንዷን ጨምራ። እሑድ እኔው ራሴ ነኝ ለሽማግሌው የምነግራቸው፣ አንተ ዝም በል ብላኛለች። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስለ አንቺ ነው አልኳት። ፍሳሽ የሚለውን ጽፈኸዋል ወይ አለች። ጽፌዋለሁ አልኳት። እስቲ አንብብልኝ አለች።

ባቡሩ ሰው ሞልቶታል። ላነብላት ነው፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው፣ «ዛሬም ባዶ» ከሚለው ጀምሬ።